ማረፊያው የመንደሩ፣ ገቢውም የመንደሩ

ከሴኔጋል ሕዝብ ከመቶው ዘጠና የሚበልጠው የእስልምና ተከታይ ነው። ጋምቢያ መሐል ገብታ ከቀረው አገር የለየችው ደቡባዊው የካዛማንስ ክፍል ግን እስላሙም፣ ክርስቲያኑም፣ የአባቶቹን እምነት ያልለቀቀውም የዲዮላ ገበሬ ጎን ለጎን ሩዝ የሚያመርትበት ረግረጋማ ምድር ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዝናቡ ሲያጥር የባሕሩ ጨው ወደ ማሳው ገባ፤ ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ወደ ዳካር ጎረፈ።

በዚያው ጊዜ መንግሥት በቱሪዝም የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ተነሥቶ ነበር። በካፕ ስኪሪንግ የባሕር ዳርቻ በ1973 የአንድ የውጭ ኩባንያ ትልቅ የመዝናኛ ሰፈር ተከፈተ። በእንዲህ ያለ ቦታ እንግዳው በአጥር ውስጥ ይበላል፣ በአጥር ውስጥ ይተኛል፤ ለገበሬው የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ የቀን ሥራ ነው።

መንግሥት ግን ሌላም መንገድ ሞከረ። ክርስቲያን ሳግሊዮ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ ባቀረበው ሐሳብ መነሻነት፣ ከገጠሩ ኑሮ ጋር የተቀናጀ ቱሪዝም የሚባል ዕቅድ ወጣ። የመጀመሪያው ማረፊያ በ1974 በኤሊንኪን መንደር ተሠራ፤ ኤናምፖርና ሌሎችም ተከተሉ።

ደንቡ ቀላል ነበር። መንደሩ በስብሰባ ካልተስማማ ግንባታ የለም። የመነሻው ገንዘብ ከውጭ እርዳታ ቢመጣም ጉልበቱ የነዋሪው፣ ጭቃውና እንጨቱ የአካባቢው ሆነ። የአልጋው ቁጥር ጥቂት ነው፤ እንግዳው መንደሩን እንዳያጥለቀልቅ። ኤናምፖር ላይ ማረፊያው የተሠራው በጥንቱ የዲዮላ ቤት አምሳል ሲሆን፣ ጣሪያው ወደ መሐል ያዘነብልና የዝናቡን ውሃ ወደ ግቢው ያወርዳል። የሚቀርበው ምግብ የመንደሩ ሩዝና ዓሣ ነው። እንግዳው የሚበዛው በበጋ በመሆኑ የሩዙን ሥራ አይሻማም፤ ይህ ለአራሽ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራ አስኪያጁም፣ አብሳዩም የመንደሩ ልጆች ናቸው። ከደመወዝና ከወጪ የተረፈው ገንዘብ በግለሰብ ኪስ አልገባም፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ እየመከረበት ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ኬላና ለማዋለጃ ቤት አዋለው። ማዋለጃ ቤቱ በእናቶች ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚቆጠር ፍሬ ቢባል አያስደንቅም።

ችግሩ የመጣው ከማረፊያው ውጭ ነው። በታኅሣሥ 1982 የካዛማንስ የመገንጠል ግጭት ተነሣ። በ1995 አራት ፈረንሳውያን ጎብኝዎች በአካባቢው ጠፉ። በመስከረም 2002 ደግሞ ከዚጊንሾር ወደ ዳካር የሚጓዘው ዮላ የተባለው መርከብ ሰምጦ ከ1,800 በላይ ሰው አለቀ። ጎብኝው ሲርቅ ከማረፊያዎቹ የተዘጉና የፈረሱ አሉ። በኋላ ግጭቱ እየበረደ ሲሄድ እንግዳ መቀበል የቀጠሉም አሉ።

ሌላው ጉዳይ የዕድሳት ነው። የጭቃ ግድግዳ ዝናብ ባለፈ ቁጥር ይለሰናል፤ የሣር ክዳንም ይታደሳል። ትርፉ በሙሉ ለትምህርት ቤት ከዋለ ለክዳኑ የሚቀር የለም፤ ክዳኑ ካፈሰሰ ደግሞ በሚቀጥለው በጋ እንግዳ አይመጣም። ስለዚህ በየዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ መጀመሪያ ለክዳኑና ለግድግዳው መነሣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጤና ኬላው ሊመከር የሚገባው።