ስለ ሞተር ብስክሌት የጎማ ኩሽኔታ አጠባበቅ

ሞተር ብስክሌት ያለው ተማሪ ቤንዚን መኖሩን ሳያይ ከቤቱ አይነሣም። የሞተሩንም ዘይት አልፎ አልፎ ይመለከታል፤ ሰንሰለቱ ሲላላ ድምፁ ስለሚያውከው ያጠብቀዋል። ነገር ግን እርሱንም፣ ከኋላው የተቀመጠውን ጓደኛውንም ተሸክመው የሚዞሩት በጎማው እምብርት ውስጥ የተሸሸጉ ትንንሽ የብረት ኳሶች መሆናቸውን የሚያስብ ከመካከላችን ስንቱ ነው? የማይታይ ነገር አይታሰብምና ጥቂቱ ብቻ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ግንቦት በአንድ ጓደኛችን ላይ የደረሰው ነገር ነው። ሞተር ብስክሌቱ የታላቅ ወንድሙ ነበር። የፊት ጎማው ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ያጉረመርም እንደ ነበር ሁላችንም ሰምተናል። አንዱ «የጎማው ጥርስ ነው» አለ፤ ሁለተኛው «የመንገዱ ጠጠር ነው» አለ፤ እኔም በመካኒክስ ትምህርቴ ተመክቼ ስለ ንዝረት ረዥም ትንታኔ ሰጠሁ። ወርዶ ጎማውን በእጁ የነቀነቀ ግን ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ማታ ጓደኛችን እኅቱን አፈናጦ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ያዘ፤ ጎማውም ወዲያና ወዲህ ተወላገደና ሁለቱም ወደቁ። በዝግታ ይነዳ ስለ ነበር እርሱ ተጫጭሮ ተረፈ፤ የእኅቱ ቀኝ ክንድ ግን ተሰበረ፤ የሰኔንም ፈተና በግራ እጇ ጻፈች። ኩሽኔታው ተከፍቶ በታየ ጊዜ ከውስጡ የወጣው ግራሶ ሳይሆን የቡና አተላ የመሰለ የዝገት ጭቃ ነበር።

ስለዚህ ኩሽኔታ ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚገድለውና በምን ዓይነት እንደሚጠበቅ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ላካፍል እወዳለሁ።

ኩሽኔታ ምንድን ነው?

ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። በእርግጥም በሚዞረው ጎማና በማይዞረው ዘንግ መካከል የሚገባ ትራስ ነው። ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉት፤ ውጭኛው ቀለበት በጎማው እምብርት ውስጥ ተጣብቆ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ውስጠኛው በዘንጉ ላይ ጸንቶ ይቆማል። በሁለቱ መካከል ባለው ቦይ ኳሶች ይንከባለላሉ፤ እርስ በርሳቸውም እንዳይጋጩ አንድ ቀጭን ማቀፊያ ይለያቸዋል። ከባድ ድንጋይ መሬት ለመሬት ከመጎተት ይልቅ ከሥሩ ድቡልቡል ግንድ አስገብቶ ማንከባለል እንደሚቀል ሁሉም ያውቃል፤ የኩሽኔታም ምሥጢር ይኸው ነው።

በታሪክም እንደሚታወቀው ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1794 ዓ.ም. ለሠረገላ ዘንግ የሚሆን ባለ ኳስ ኩሽኔታ የፈጠራ መብት ተቀበለ። በ1869 ዓ.ም. ደግሞ ዡል ሱሪሬ የተባለ ፈረንሳዊ ለብስክሌት የሚሆነውን አስመዘገበ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ጄምስ ሙር ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው የብስክሌት እሽቅድምድም ያሸነፈው ይህ ኩሽኔታ በተገጠመለት ብስክሌት ነበር። እንግዲህ ኩሽኔታ ከሞተር ብስክሌት በፊት የተወለደ የብስክሌት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

የሥራውን ብዛት ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ዙሪያው 1.9 ሜትር ያህል የሆነ ጎማ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በደቂቃ ከ500 ጊዜ በላይ ይዞራል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና በዚያ መንገድ ብቻ 68,000 ጊዜ ያህል ዞረ ማለት ነው። ጭነትም ሲጨምር ጉዳቱ በዚያው ልክ ብቻ የሚጨምር አይምሰላችሁ፤ የኩሽኔታ ዕድሜ ከጭነቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ ጭነቱ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ይህን ሁሉ አስቦ በቂ አድርጎ ይሠራዋል። በእኛ መንገድ ላይ አብዛኛው ኩሽኔታ የሚሞተው በሸክም ሳይሆን ከዚህ በታች በምዘረዝራቸው ሦስት ጠላቶች ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ ግራሶ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

የግራሶ ጥቅም

ግራሶ የወፈረ ዘይት ብቻ አይደለም። ዘይትና እንደ ሳሙና ያለ ማወፈሪያ ተዋሕደው የተሠራ ነው። ስፖንጅ ውሃን እንደሚይዝ ሁሉ ሳሙናው ዘይቱን ይዞ ያቆይና ኳሶቹ ሲንከባለሉ ጥቂት በጥቂት ይለቅላቸዋል። በኳሱና በቦዩ መካከል የሚነጠፈው የዘይት ሽፋን ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮን አይበልጥም፤ ይኸውም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። የሰው ጠጕር እንኳ ከዚህ ብዙ አሥር ጊዜ ይወፍራል። እንግዲህ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በዚያ ሽፋን ላይ ስትገባ በምጣድ ላይ እንደ ወደቀ ቋጥኝ መሆኗን አስቡ።

ግራሶ ሁለተኛም ሥራ አለው፤ ባዶውን ቦታ ሞልቶ ውሃና አቧራ እንዳይገባ ይከላከላል። ለጎማ ኩሽኔታ የሚመረጠው በሊቲየም ሳሙና የተሠራ፣ ጥንካሬው 2 ቍጥር የሆነ ግራሶ ነው። ይህ ዓይነት ሙቀትንም ውሃንም ይችላል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ግን ምንም እንኳ ያለ ዋጋ ቢገኝ ለዚህ አይሆንም፤ ጥላሸትና አሲድ አለበትና ብረቱን ይበላል፤ ቀጭን ስለ ሆነም ፈስሶ የፍሬኑን ሸራ ያበላሻል።

ሦስቱ ጠላቶች

የመጀመሪያው ውሃ ነው። በላቫጆ ሞተር ብስክሌታችንን ስናሳጥብ የውሃው ኃይል በቀጥታ ወደ ጎማው እምብርት እንዲረጭ መፍቀድ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የጎማ ቀለበቱን አልፎ ይገባል። ሁለተኛ መንገድም አለው። በፍሬን ብዛት የጋለ እምብርት በድንገት ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይኰማተራል፤ በዚያም ምክንያት ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ወንዝ ከመሻገር በፊት ጥቂት ቆሞ ማብረድ ከሰነፍነት አይቈጠርም።

ሁለተኛው አቧራ ነው። ከመንገድ ብቻ ሳይሆን ከራሳችን እጅም ይገባል፤ ክዳኑ ተከፍቶ በተቀመጠ የግራሶ ጣሳና ባልታጠበ ጣት የሚገባው ጥቂት አይደለም።

ሦስተኛው መዶሻ ነው። ውስጠኛው ቀለበት ሲመታ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ወደ ውጭኛው ያልፋል፤ ኳሶቹም በቦዩ ላይ ለዐይን የማይታይ ጐድጓዳ ምልክት ያትማሉ። ኩሽኔታው አዲስ ቢሆንም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሽተኛ ነው።

በእጅ መመርመር

ምርመራው አሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ መሣሪያም አይፈልግም። ሞተር ብስክሌቱን በመቆሚያው አቁሞ ጎማውን ከመሬት ማንሣት፤ ከዚያም አንዱን እጅ ከጎማው ራስ፣ ሌላውን ከግርጌው አድርጎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መነቅነቅ ነው። ጎማው ብቻውን ካወዛወዘ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ጎማው ግራና ቀኝ ከያዙት እግሮች ጋር አብሮ ከተንቀሳቀሰ ግን ጥፋቱ ከመሪው ሥር ያለው ኩሽኔታ ነውና ሁለቱን አለማምታታት ያስፈልጋል።

ቀጥሎም አንድ እጅን በእግሩ ላይ አሳርፎ ጎማውን ማሽከርከር ነው። ደኅና ኩሽኔታ ዝም ብሎ ይዞራል፤ የታመመው እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፤ ንዝረቱም ከጆሮ በፊት ለእጅ ይታወቃል። ጎማው በወለቀ ጊዜ ደግሞ ጣትን በውስጠኛው ቀለበት አግብቶ በቀስታ ማዞር የመጨረሻው ፍርድ ነው። የሚቈረቍር ወይም አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ ግራሶ አያድነውም፤ መለወጥ ብቻ ነው።

ማጽዳትና መቀባት

አስቀድሞ የሞተር ብስክሌቱን ዓይነት ማወቅ ይገባል። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ኩሽኔታዎች በፋብሪካ ግራሶ ተሞልተው በሁለት ወገን የተዘጉ ናቸው፤ በቍጥራቸው መጨረሻ «2አርኤስ» የሚል ካለ መዝጊያው ጎማ ነው፤ «ዜድዜድ» የሚል ከሆነ ቀጭን ቆርቆሮ ስለ ሆነ ውሃን አጥብቆ አይከለክልም። የተዘጋውን ለማጠብ መሞከር አያስፈልግም፤ የውጩን መዝጊያና የአቧራ መከላከያውን ቀለበት አጽድቶ በላዩ ላይ ስስ ግራሶ መቀባት ይበቃል። ክፍት የሆነው ኩሽኔታ ግን እንደሚከተለው ይሠራል።

በመጀመሪያ ዳዶው ተፈትቶ ዘንጉ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሮንዴላዎቹንና አጫጭር ቧንቧዎቹን በወጡበት ተራ በጨርቅ ላይ መደርደር ይገባል። የአቧራ መከላከያው ቀለበት በካቻቢቴ ጫፍ በቀስታ ተፈልቅቆ ይነሣል። ኩሽኔታው ከእምብርቱ ሳይወጣ ያረጀው ግራሶ በጨርቅ ተጠርጎ በነጭ ጋዝና በንጹሕ ብሩሽ ይታጠባል። በቤንዚን ማጠብ አደገኛ ነው፤ እሳት ያስነሣልና። ከታጠበ በኋላ በኮምፕሬሰር አየር ማሽከርከር አይገባም፤ ግራሶ የሌለው ኩሽኔታ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ይቧጨራል፤ ማቀፊያውም ሊሰበር ይችላል። ዝም ብሎ እንዲደርቅ መተው ነው። የድሮው ግራሶ ፈጽሞ መውጣት አለበት፤ ማወፈሪያቸው የተለያየ ሁለት ግራሶዎች ሲደባለቁ ቀጥነው ሊፈስሱ ይችላሉና።

ከዚያም በታጠበ ጣት አዲሱን ግራሶ በኳሶቹ መካከል እየጫኑ ማስገባት ነው። «ብዙ ከሆነ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ከባዶው ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉ ሲሞላ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግራሶው ሲታሽ ይሞቃል፤ ትርፉም ወደ ፍሬኑ ታምቡር ይወጣል። ግራሶ የነካው የፍሬን ሸራ አይዝም፤ አንዱን አደጋ ስንሸሽ ሌላውን ጠራን ማለት ነው።

መለወጥ

የሞተው ኩሽኔታ ከኋላው ረዥም ብረት ገብቶ ዙሪያውን ተራ በተራ በቀስታ እየተመታ ይወጣል፤ በዚህ ሁኔታ የወጣ ኩሽኔታ ተመልሶ አይገባም። በቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቍጥር አይቶ ያንኑ መግዛት ነው። ለምሳሌ በብዙ ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች የሚገኘው 6301 ቍጥር ቀዳዳው 12፣ የውጭ ስፋቱ 37፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። አዲሱ ሲገባ ውጭኛውን ቀለበት ብቻ የሚነካ ልኩ የሆነ ቡሶላ ተደርጎበት ቀጥ ብሎ ይገፋል፤ ውስጠኛውን መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው። እምብርቱን አስቀድሞ ጥቂት ማሞቅ ሥራውን ያቀላል።

በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የሚቆመው ቧንቧ መረሳት የለበትም። ቧንቧው ከሌለ ዳዶው ሲጠብቅ ሁለቱ ውስጠኛ ቀለበቶች ወደ መካከል ይጨመቃሉ፤ አዲሱም ኩሽኔታ በጥቂት ቀን ይሞታል። በመጨረሻም ዳዶው መጽሐፉ በሚያዝዘው ልክ ይጠብቃል፤ ኮፒሊያ ካለው አዲስ ይገባለታል፤ ፍሬኑም ከመንገድ በፊት ቆሞ ይሞከራል።

ማጠቃለያ

ይህ ምርመራ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም በግንቦት ክረምት ከመግባቱ በፊትና በመስከረም ከወጣ በኋላ ቢደረግ ይበቃል። ወንዝ የሚሻገር ግን ከዚያ በላይ ያድርገው።

በአገራችን በእጁ የሚሠራውን ሰው መናቅ የቆየ በሽታ ነው፤ ብረት ቀጥቃጩ የሠራውን ማረሻ እየያዙ ቀጥቃጩን ይንቁት ነበር። እኛም ተምረናል የምንለው ከዚያ በሽታ ገና አልዳንን ይሆናል፤ የኩሽኔታን ዕድሜ በሰሌዳ ላይ እናሰላለን፤ ግራሶ ግን እጃችንን እንዳያቆሽሽ እንሸሻለን። ያን ጊዜ ስለ ንዝረት የሰጠሁት ትንታኔ ምናልባት ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን የማንንም ክንድ አላዳነም። ጎማውን አንድ ጊዜ በእጄ ብነቀንቀው ኖሮ ያድን ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን፤ ዛሬ ማታ ሞተር ብስክሌታችሁን ስታቆሙ ጎማውን ነቅንቁት።