የአዳይቱ መንገድና የሌንስ ሂሳብ

ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔ፣ በአዳይቱና በሚሌ አልፎ ወደ ሰመራ የሚዘልቀው አስፋልት ለነጋዴው የጅቡቲ ዕቃ የሚመላለስበት መስመር ነው። ለአስጎብኚ ድርጅትና ለሆቴል ባለሀብት ግን ሌላም ሸቀጥ አለው፤ እሱም ምስል ነው። አዋሽ ፓርክ፣ በገዋኔና በሚሌ መካከል የሚገኘው ያንጉዲ ራሳ ፓርክ፣ ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችበት ሐዳር፣ ከዚያም ወዲያ ኤርታአሌ የሚደረስባቸው በዚሁ መስመር ነው። ጎብኚ የሚመጣው አስቀድሞ በፎቶግራፍ ያየውን ፍለጋ ነውና የራሳቸውን ካሜራ ለመግዛት ገበያ የሚወጡ ድርጅቶች አይጠፉም። ሂሳቡ የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው።

ብዙው ገዢ በጀቱን በቦዲው ይጨርስና በተረፈችው ሌንስ ይገዛል። የገበያው ጠባይ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቦዲን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዲስ ሞዴል ይተካውና ዋጋው ይወርዳል። በአግባቡ የተያዘ ሌንስ ግን ሁለትና ሦስት ቦዲ ያሳልፋል።

የትኛው ሌንስ? ካኖን እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ባለ 70-200 ሚሊሜትር ሌንሶችን በአንድ ጊዜ ይፋ አድርጎ ነበር። ኤፍ 2.8 የሆነው 1,480 ግራም የሚመዝን ሲሆን መነሻ ዋጋው 2,099 ዶላር ነበር። ኤፍ 4 የሆነው 780 ግራም ይመዝናል፤ የተተመነውም 1,299 ዶላር ነበር። ውዱ የሚያስገባው ብርሃን የርካሹን እጥፍ ነው። ይህ ለሠርግ አዳራሽ ይጠቅማል፤ ፀሐይ በሚበረታበት የአዋሽ ሸለቆ ግን ቀን ላይ የብርሃን እጥረት የለም።

የ800 ዶላር ልዩነት ቀላል አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 46,000 ብር ገደማ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ከ100,000 ብር አልፏል።

ሙቀቱም የራሱ ሂሳብ አለው። ከረፋድ በኋላ ከመሬት የሚነሳው ትኩስ አየር የሩቁን ምስል ያርገበግበዋል። ይህን የትኛውም ውድ ሌንስ አያስተካክለውም፤ መድኃኒቱ በማለዳ መነሳት ነው። ሳላንና ሌሎች የዱር እንስሳትን ከርቀት ለማንሳት የሚፈልግ፣ አነስተኛ ሴንሰር ያለው ኒኮን ወይም ሶኒ ቢይዝ 200 ሚሊሜትሩ የ300 ያህል ያቀርብለታል።

አቧራው ደግሞ ሌንስ በተቀያየረ ቁጥር ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለዚህ መንገድ አንድ 24-105 እና አንድ 70-200 በቂ ናቸው። መቀያየሩም መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ይሁን። የኤርታአሌን እሳት በሌሊት ለሚያነሳ፣ ለውዱ ሌንስ ከሚጨምረው ገንዘብ ጥቂቱ ለጠንካራ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ይበቃዋል።

ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልግ ጊዜው ምቹ ነው። ካኖንና ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ አዲስ የሌንስ መግጠሚያ በመዞራቸው በድሮው መግጠሚያ የተሠሩ ጥሩ ሌንሶች ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ወጥተዋል። የካኖኖቹ በማገናኛ አማካይነት በአዲሱ ቦዲ ላይ ይሠራሉ። ከኒኮን በኩል ግን የራሳቸው ሞተር የሌላቸው የቆዩ ሌንሶች በኩባንያው ማገናኛ ላይ አውቶፎከስ ስለማይሠሩ ጠይቆ መግዛት ያሻል። ገዢው በሌንሱ ውስጥ የባትሪ መብራት አሳልፎ ሻጋታ መኖሩን ይመልከት። ቀለበቱን ሲያዞር አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ይተወው። ከኋላ በኩል ያለ ጭረት ከፊት ለፊቱ የባሰ ምስል ያበላሻል።

በገንዘብ የማይገዛ ነገርም አለ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ሰላምታና ፈቃድ ሳይቀድም ከሩቅ በረጅም ሌንስ ሰው ላይ ማነጣጠር ጠብ ያመጣል። አዳይቱም በአፋርና በሶማሌ ክልሎች መካከል የይገባኛል ጥያቄ ሲነሳባት የኖረች ቀበሌ በመሆኗ የመንገዱን ውሎ ከመነሳት በፊት ከሹፌሮች ማጣራት፣ ኬላና ወታደርን አለማንሳት ብልህነት ነው።

በዓመት አንዴ ለሚሠራ ማስታወቂያ መከራየት ያዋጣል። በየወሩ መንገደኛ ይዞ የሚወርድ ግን ሌንሱን አስቀድሞ መርጦ ቦዲውን በተረፈው ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም።