ትልቅ ሰውና አሻንጉሊት፦ መቼ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው?

ከመኪና ወደ ሮቦት የሚቀየረው ትራንስፎርመርስ ገበያ ላይ የዋለው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። በልጅነቱ በቴሌቪዥን እያየ ያልተገዛለት ሰው፣ ደመወዝ ሲይዝ ለራሱ ይገዛዋል። ከዚያ ጓደኛው የአኒሜ አሻንጉሊት ያሳየዋል፣ መደርደሪያው ይሞላል። ዘመድ «ምን ነካው?» ይላል።

ምንም አልነካውም። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ፈረሱን አሸብርቆ የሚወጣውን አባወራ ማን «ልጅ ሆንክ» ይለዋል? (ፈረሱ ይጋልባል፣ ሮቦቱ አቧራ ይጠጣል፤ እሱ ይገባኛል።) ከሥራ መልስ እየፈቱ እየገጣጠሙ መቀመጥ አእምሮን ያሳርፋል።

እኔን የሚያሳስበኝ የቤት ኪራዩ ለአሻንጉሊት ሲውል፣ ዕቃው ከትዳር አጋር ተደብቆ ሲገባ ነው። አልጋና ወንበሩ በዕቃ ተይዞ የተሰበረውን እንኳ መጣል ካስጨነቀ ደግሞ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የምክር ሕክምና አለው።

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ግን መደርደሪያውን ከፍ አድርጉት። ተነቃይ ክፍሎቹ ያንቃሉ። መብራት ያለው ሮቦት ውስጥ የምትገባውን፣ የእጅ ሰዓት ባትሪ የመሰለችውን ክብ ባትሪ የዋጠ ልጅ የምግብ ቧንቧው በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊቃጠል ይችላል። ለማስመለስ አትሞክሩ፣ እስኪያመውም አትጠብቁ። ዳንግላም ሁኑ እንጅባራ፣ በባጃጅም ቢሆን ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት።