በጄምስ ቦንድ ፊልሞች የዘርና የጾታ ውክልና

በጄምስ ቦንድ ፊልሞች የዘርና የጾታ ውክልና ሲባል፣ በእነዚህ የስለላ ፊልሞች ውስጥ ነጭ ላልሆኑ ሰዎችና ለሴቶች ምን ዓይነት ሚና እንደተሰጠና ሚናውንም ማን እንደተጫወተው የሚመለከት ርዕስ ነው። የፊልሞቹ መነሻ እንግሊዛዊው ኢያን ፍሌሚንግ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጻፋቸው ልብ ወለዶች ናቸው። ጊዜው የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች በየተራ ነጻ የሚወጡበት ነበር።

ዶክተር ኖ (1962)

የመጀመሪያው ፊልም «ዶክተር ኖ» በጃማይካ ተቀርጾ በኦክቶበር 1962 በለንደን ታየ፤ ጃማይካ ነጻ የወጣችው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። የጀርመናዊ አባትና የቻይናዊት እናት ልጅ የሆነውን ዶክተር ኖን የተጫወተው ካናዳ የተወለደው ነጭ ተዋናይ ጆሴፍ ዋይዝማን ነበር። ሚስ ታሮንም ነጯ ዚና ማርሻል እስያዊት እንድትመስል ተኳኩላ ተጫውታለች።

የቦንድን ረዳት፣ ጀልባ ቀዛፊውን ክዎረልን የተጫወተው ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ኪትዝሚለር ነው። ኪትዝሚለር በ1957 በካን የፊልም ፌስቲቫል በምርጥ ወንድ ተዋናይነት ተሸልሟል። የደረሰው ገጸ ባሕርይ ግን ዘንዶ የሚፈራ፣ ቦንድ ጫማውን እንዲያመጣለት የሚያዘው፣ በመጨረሻም በእሳት ተቃጥሎ የሚሞት ነው።

ከ1967 እስከ 1973

«ዩ ኦንሊ ሊቭ ትዋይስ» (1967) ጃፓን ውስጥ የተቀረጸ ሲሆን፣ ቴትሱሮ ታምባ፣ አኪኮ ዋካባያሺና ሚኤ ሃማ ዋና ዋና ሚናዎችን ይዘዋል። ሆኖም ሾን ኮነሪ ተኳኩሎ ጃፓናዊ ዓሣ አጥማጅ መስሎ የሚታይበት ክፍል ብዙ ነቀፌታ አስከትሏል።

በ«ሊቭ ኤንድ ሌት ዳይ» (1973) ያፌት ኮቶ ዋናውን ባላጋራ ዶክተር ካናንጋን፣ ግሎሪያ ሄንድሪ ደግሞ የቦንድ ፍቅረኛ የሆነችውን ሮዚ ካርቨርን ተጫውተዋል። ፊልሙ ለብዙ ጥቁር ተዋንያን ሥራ ከፍቷል። በሌላ በኩል ሃርለምን የወንጀለኞች መናኸሪያ፣ የካሪቢያንን እምነት ደግሞ ማስፈራሪያ አድርጎ በማሳየቱ ይተቻል።

የኋላ ለውጦች

በ1995 ጁዲ ዴንች የስለላው መሥሪያ ቤት ኃላፊ የኤም ሚና ተሰጣት። በ1997 ሚሼል ዮ ከቦንድ እኩል የምትዋጋ ቻይናዊት ሰላይ ሆና ቀረበች። የቦንድን አሜሪካዊ ወዳጅ ፊሊክስ ላይተርን ከ2006 ጀምሮ ጥቁሩ ጄፍሪ ራይት ተጫውቶታል። በ2012 ናኦሚ ሃሪስ መኒፔኒን ሆነች፤ በ2021 ደግሞ ላሻና ሊንች ቦንድ የተወውን 007 ቁጥር የተረከበች ሰላይ ሆና ተወነች። የሁለቱም ሴቶች የዘር ሐረግ ከጃማይካ ይመዘዛል።

ዋናው ሚና ግን አልተለወጠም። ከ1962 እስከ 2021 ኢዮን የተባለው ድርጅት በሠራቸው 25 ፊልሞች ቦንድን የተጫወቱት 6 ተዋንያን ሁሉም ነጭ ወንዶች ናቸው።