የእርግብ ኩስ የመሰለ ብየዳ

አለቃዋ ዲዮድራንት ይዞ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ ጓ አደረገው። ሰውነቷ እንደሚሸትና ያንን መቀባት እንዳለባት ፊት ለፊት ነገራት።

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1970ዎቹ፣ ቦታው አሪዞና ነበር። ቴምፕል ግራንዲን የከብት ማጎሪያና መተላለፊያ የምትነድፍ ወጣት ነበረች። ኦቲዝም ስላለባት አፏን የፈታችው አራት ዓመት ሊሞላት ሲል ነበር። በዚያን ቀን በአለቃዋ በጣም ተናደደች። ከዓመታት በኋላ ግን አመሰገነችው። ምን ተገኝቶ?

መልሱ ቶሎ አልመጣም። በተማሪነቷ ሲያሾፉባት ትማታ ነበር። ፈረስ እንዳትጋልብ ስትከለከል ድብድቡን ትታ ማልቀስ ጀመረች። ሥራ ከያዘች በኋላም ወቀሳ ሲከብዳት ሰው ከማያያት ቦታ ሄዳ ታለቅስ ነበር። ለቅሶው ከሥራ ከመባረር አዳናት እንጂ የወቀሳውን ፍቺ አላሳያትም።

አንድ ቀን ደግሞ ራሷ ተቺ ሆነች። በአንድ የሥጋ ፋብሪካ የበያጁን ሥራ አየችና የእርግብ ኩስ እንደሚመስል ተናገረች። ለእሷ ያየችውን መናገር ነበር፤ ለበያጁ ግን ስድብ ሆነበት። የፋብሪካው ኢንጂነር ወደ ቢሮው ጠራት።

አላባረራትም። ማንም በሌለበት ጥፋቷን አስረዳት፤ ነገሩ ሳይካረር በያጁን ይቅርታ እንድትጠይቅም ነገራት። ካፌቴሪያ ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ገና ሲያይዋት የሚያጣጥሏት ደንበኞች አልጠፉም። ስለዚህ ራሷን ሳይሆን ሥራዋን መሸጥ ጀመረች፤ ወሬው ሳይሟሟቅ ንድፎቿንና የጨረሰቻቸውን ሥራዎች ፎቶ ትዘረጋላቸዋለች። ብልሃቷን የምወድላት ተቺው ጣቱን ከሴትዮዋ ላይ አንስቶ ወረቀቱ ላይ እንዲያሳርፍ ስላስገደደችው ነው። እርሳስና ላጲስ የሚያቃናው ስህተት ደግሞ ማንንም አያስለቅስም።

ዋናው ፍቺ የመጣው ከአንድ ተራ ጥያቄ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ የሆነችን ሴት ስለ ቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ ማማ ስታስብ ምን እንደሚታያት ጠየቀቻት። ለቴምፕል የምታውቃቸው ማማዎች እያንዳንዳቸው ቁልጭ ብለው ይመጡላት ነበር። ባለሙያዋ ግን የታያት የማንም ያልሆነ ድፍን ቅርጽ ብቻ ነበር። ቴምፕል ደነገጠች፤ እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ እንደ እሷ በሥዕል የሚያስብ ይመስላት ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ አለቃዋን ለምን እንዳመሰገነችው የሚለው እንቆቅልሽም እዚህ ላይ ይፈታል። «እስቲ አደብ ግዢ» የሚል አሽሙር ምንም ሥዕል የለውም። ዲዮድራንቱ አለው፤ ካፌቴሪያ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅም አለው። (ጓ ማድረጉ ግን ምንም አልጨመረም፤ ቀስ ብሎም ማስቀመጥ ይቻል ነበር።)

ቴምፕል ውላ አድራ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነች፤ በሰሜን አሜሪካ ከሚታረዱት ከብቶች ግማሽ ያህሉም በእሷ ንድፍ በተሠራ መሣሪያ ውስጥ ማለፍ ጀመሩ። አሠሪዎች ስለ ኦቲዝም ሲጠይቋት የምትሰጣቸው ምክር አጭር ነው፦ ሠራተኛውን ለብቻው ጠርቶ፣ ምን እንዳጠፋና በምትኩ ምን ማድረግ እንዳለበት በግልጽ መንገር።