ባትሪ ቢነቀል የማይጠፋው

የካሊፎርኒያ የስሞግ (የመኪና ጭስ ብክለት) መርማሪ ሥራውን የሚጀምረው ከመሪው ሥር አጎንብሶ ነው። እዚያ ባለ 16 ፒን ሶኬት አለች። መኪናዋ ከ2000 ሞዴል ወዲህ የተሠራች የቤንዚን መኪና ከሆነች ማርሚታዋ ውስጥ መለኪያ አይከትም፤ ገመዱን ሰክቶ ኮምፒውተሯን ይጠይቃል። ሞተሩ ልስልስ ብሎ ይሠራል፣ ቼክ ኢንጂን አልበራም፣ ጭስም አይታይም። ወረቀቱ ሲታተም ግን ወድቃለች፤ ሶፍትዌሯ ተነካክቷል።

ባለቤቱ ቤቱ ሲደርስ ባትሪውን ነቅሎ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል። ይህን ዘዴ የማያውቅ ሹፌር የለም፣ ለአንዳንድ ነገርም ይሠራል። የሞተሩ ኮምፒውተር እያደር የሚለምደው ነገር አለ፤ አየር ማጣሪያው ሲቆሽሽ፣ ኢንጀክተሩ ሲደክም ነዳጁን በዚያው ልክ ያስተካክላል። ባትሪው ሲነቀል በብዙ መኪና የሚጠፋው ይህ ልምድ ነው። ዋናው ፕሮግራም መብራት ቢኖርም ባይኖርም በማይጠፋ ማኅደር ላይ የተጻፈ ስለሆነ ባለበት ይቀመጣል። ጉልበት ለመጨመር መኪናዋን «ቱን» ያደረገው ሰው የነካካውም እሱን ነው።

ፕሮግራሙ ውስጥ የማባዣ ሠንጠረዥ የመሰሉ ገበታዎች ተደርድረዋል። በአንዱ ጎን የሞተሩ ዙር፣ በሌላው ጎን ሞተሩ የተሸከመው ጫና አለ። ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ካንዴላው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀድሞ እንደሚተኩስ ይናገራል። ለነዳጁ፣ ለቱርቦው ግፊት፣ ለፍጥነት ገደቡም የየራሳቸው ገበታ አለ። ቱን ማድረግ ማለት እነዚህን ቁጥሮች መለወጥ ነው። ከፋብሪካው የቀረውን የጥንቃቄ ክፍተት መጠቀም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጣጣው ባልከበደ፤ ነገር ግን ጭሱን የሚያጸዳውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር አውልቆ ኮምፒውተሩ እንዳያሳብቅ የኋላውን ኦክስጅን ሴንሰር የሚያደነቁርም ሞልቷል።

የሚያጋልጠው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። የተጻፈበትን አስልቶ አንድ የማረጋገጫ ቁጥር ያወጣል፤ አንድ ሳጥን ውስጥ 20 የነበረው 24 ቢሆን ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ጥገና ቢሮ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 19 ቀን 2021 ጀምሮ በዚህ እየለየ ይጥላል። ለማለፍ ወይ ወደ ፋብሪካው ሶፍትዌር መመለስ ወይ በስቴቱ የአየር ሀብት ቦርድ የጸደቀውን መጫን ነው።

ድሮ መመለሱ ቀላል ነበር። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1979 ነዳጅና ማቀጣጠያን በአንድ ኮምፒውተር የሚመራውን ሞትሮኒክ ቢኤምደብሊው 732አይ ላይ ካወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቱን ማድረግ ማለት ቺፕ ነቅሎ ሌላ መሰካት ነበር። አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው መልሶ ይሰካዋል። ዛሬ ኦርጅናል የሚባለው ፋይል ነው፤ ፋይል ደግሞ ያስቀመጠው ሰው ሊኖር ይገባል። በእጅ የሚያዙት የቱን መሣሪያዎች ብዙዎቹ የፋብሪካውን ቅጂ ወይም መመለሻውን ይዘው ከዚያችው መኪና ጋር ይቆራኛሉ። የቀድሞው ባለቤት መኪናዋን ሸጦ መሣሪያውን ኪሱ ከቶ ከሄደ ገዢው የኩባንያውን ሶፍትዌር የሚጭን ጋራዥ መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

እዚያ ጋራዥ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ቀድሞ የሚያገናኘው ቮልቴጁን የሚደግፈውን ቻርጀር ነው። ኤሲውን፣ ራዲዮውን፣ መብራቱን ያጠፋል፤ በር የሚከፍት ካለ ይቆጣል። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ መቶኛው ሲያዘግም ማየት ነው። አሮጌው ጽሑፍ ተፍቆ አዲሱ ተጽፎ ሳያልቅ ቮልቴጁ ከወረደ ኮምፒውተሩ በድን ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም የሚነሣው ከመኪናዋ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። እኔ በዚህ ሰዓት ስልክ የሚያነሣ መካኒክ አላምንም።

ዕቃውም አብሮ ካልተመለሰ ሥራው ግማሽ ነው። ትልልቅ ኢንጀክተር የተገጠመለት ሞተር በፋብሪካው ገበታ ሲመራ ትንሿን ኢንጀክተር አስቦ ስለሚያዘው ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል።

ፋይሉ በተመለሰ ማግሥት ወደ ስሞግ መሮጥም ከንቱ ነው፤ አዲስ ሲጻፍ የኮምፒውተሩ የራስ ምርመራዎች ከዜሮ ይጀምራሉ። ከ2000 ሞዴል ወዲህ ለተሠሩት የቤንዚን መኪኖች ሳይጠናቀቅ የሚታለፈው የነዳጅ ትነት ምርመራ ብቻ ነው። ቋሚ የብልሽት ኮድ ተመዝግቦ ከሆነ ኮዱ የማይቆጠርባት መኪናዋ ማኅደሩ ከተጠረገ ወዲህ ቢያንስ 15 ጊዜ ሞቃ 200 ማይል ከሄደች ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ጉልበቷ የቀነሰ መኪና ይዞ ጠዋት ጠዋት ፍሪዌይ ላይ ይወጣል።

ስሞጉን ያልፋል። የፋብሪካው ዋስትና ላይ ግን ሌላ ሒሳብ አለ፦ ብዙ ኮምፒውተሮች ስንት ጊዜ እንደተጻፈባቸው ይቆጥራሉ፣ የፋብሪካው ፋይል ሲመለስም ቆጣሪው አንድ ይጨምራል እንጂ ወደ ኋላ አይዞርም።