ባንድ በላይቭ ካልቻለ ጎበዝ አይባልም?

ስቱዲዮ ውስጥ የተሳሳተው ይቆረጣል፣ ከቅኝት የወጣው ይስተካከላል። መድረክ ላይ ግን ማረሚያ የለም፤ ድራመሩ ቢፈጥን ቤዙ ወዲያው ሰምቶ መያዝ አለበት። ዋልያስ ባንድ አዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት የሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ስቱዲዮ ዋጋ የለውም? አለው እንጂ! ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1966 ለኮንሰርት መዞር አቁመው በ1967 «ሳርጀንት ፔፐር»ን ያወጡት ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጠው ነው። ግን ልብ በሉ፦ ከዚያ በፊት በሀምቡርግ ክለቦች በየሌሊቱ ለሰዓታት ተጫውተዋል።

ስለዚህ እኛ የምንለው፦ ስቱዲዮ የባንዱን ሐሳብ ያሳያል፣ ላይቭ መደማመጡን። ፕሌይባክ ይህን ሁለተኛውን ይደብቃል። ሳውንዱ በተበላሸበት፣ በስልክ በተቀረጸች የ30 ሰከንድ ቪዲዮም አትፍረዱ።

እናንተስ ላይቭ ሰምታችሁት ይበልጥ የወደዳችሁት ባንድ ማን ነው?